ለነፍሰ ጡር የማይነገር

ወንድሜ ጂራታ ሞቶ ከተቀበረ በኋላም ለሚስቱ ለሶረቲ ሰላምታ ይልክ ነበር። ቴምርና የሕፃን ብርድ ልብስም ልኳል። ላኪው አጎቴ ጋሽ ዋቅሹማ ናቸው፤ ዕቃውን ከመርካቶ ይገዙና «ከጅቡቲ በሹፌር ላከልሽ» ብለው ያቀብሏታል። ሶረቲ ብርድ ልብሱን ጉንጯ ላይ አድርጋ ስትስቅ እኛም አብረን እንስቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሳቅ ስቀው የማያውቁ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው።

እኛ ዘንድ ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ባሏም ይሙት እናቷ፣ እስክትወልድ ድረስ ለእሷ አልሞተም። ዘመድ ጥቁሩን አውልቆ፣ ፊቱን ታጥቦ ይመጣና ያጫውታታል። ትደነግጣለች፣ ያስወርዳታል ተብሎ ነው። ክፋት የለበትም፤ ሰው ተባብሮ ከሚያደርጋቸው ጥቂት ደግ ነገሮች አንዱ ነው። እኔን የሚያበግነኝም ይኼው ነው። ክፋት ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ እገላገል ነበር።

ወሬውን ይዞ የመጣው ሁመድ የሚባል የአፋር ሰው ነው። ዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ልደታ ባለፈ ሰሞን፣ ከተማው ሁሉ ስለ ምርጫ ሲጮህ፣ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን ግቢያችንን እየጠየቀ መጣ። የሚሠራው ጋላፊ ድንበር አጠገብ፣ የጭነት መኪኖች ለጉምሩክ ወረፋ በሚቆሙበት ቦታ፣ ለሹፌሮችና ለሻይ ቤት ሴቶች በተከፈተች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ጂራታ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፤ ወረፋው ሲረዝም እዚያ ሳምንት ይቀመጣል።

ሶረቲ ለልጁ ኮፍያ የምትሠራበትን ክር ልትገዛ አብነት ሰፈር ወርዳ ነበር። ሰባተኛ ወሯን ልትጨርስ ነው። ቤት የነበርነው እናቴ ደሚቱ፣ ጋሽ ዋቅሹማና እኔ ነን። ሁመድ ውኃ ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ሳያዞር ሳይጠመዝዝ ጂራታ እንደሞተ ነገረን። ሙቀቱ አስከሬን አያቆይምና እዚያው ካለች ቤተ ክርስቲያን ባልደረቦቹ ቀብረውታል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ከጎረቤት ሶረቲ እንዳትሰማ፣ ልጇን በነጠላ ጨርቅ አፍና አለቀሰችው።

«ሳንባው ነበር» አለ ሁመድ። «ሳንባው ግን ብቻውን አይደለም። ኤች አይ ቪ ደሙ ውስጥ ነበር። ዘግይቶ ነው ወደ እኛ የመጣው፣ መድኃኒት ልናስጀምረው ስንል ጊዜ አልሰጠንም። ሹፌር ክሊኒካችን በስሙ አይመጣም። እሱም ኃይለመለኮት ነኝ ነበር ያለን። እውነተኛ ስሙንና ይኼን ሰፈር የነገረኝ ሊሞት ሲል ነው።»

«ሚስቱስ ታውቃለች?» አልኩት።

«አታውቅም። በየጉዞው እነግራታለሁ ይለኛል። ሲመለስ ‘ነገርካት?’ እለዋለሁ። ‘በሚቀጥለው’ ይላል።» ወደ ጋሽ ዋቅሹማ ዞረ። «አንተ ሽማግሌ ነህ፣ ስማኝ። ሚስቱ ትመርመር። በሽታው ካለባት፣ ምጥ ሲጀምራት የምትውጣት አንዲት ኪኒን አለች፣ ልጁም ሲወለድ ጠብታ ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ ልጁ ይድናል። ከወለደች በኋላ ብትነግሯት ግን ለልጁ የረፈደ ነው። እኔ ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣሁት መርዶ ለመንገር አይደለም፣ ለልጁ ነው።»

ጋሽ ዋቅሹማ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። የሰፈሩን መርዶ ሁሉ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው፤ ሰው የሚሰበሰብበትን ሰዓት፣ ማን እጇን እንደሚይዝ፣ ማን ውኃ እንደሚያቀብል ሁሉ ያውቃሉ። የሁመድ «አንተ» ከመርዶው እኩል ቅር ያሰኛቸው መሰለኝ።

«ትወልድና እንነግራታለን» አሉ።

«ጋሼ፣ ሰውየው የሚሉትን አልሰሙም? ከዚያ ወዲያማ ምን ይጠቅማል?» አልኳቸው።

«ዝም አይነቅዝም፣ ፋዮ ልጄ።»

ዝም አይነቅዝም! ፅንስ ጎተራ ውስጥ የሚቀመጥ እህል ይመስል። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት የግቢው በር ተንኳኳና ሶረቲ ክሯን ይዛ ገባች። እናቴ በቅጽበት ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ፈገግ አለች። እንዴት እንደቻለችበት እግዜር ይወቅ።

«የጂራታ ባልደረባ ነው፣ ከዚያ ነው የመጣው» አሉ ጋሽ ዋቅሹማ።

ሶረቲ ፊቷ በራ። «ደህና ነው? ምን አለህ?»

ሁመድ መሬት መሬት አየ። «አደራ ብሎኛል» አላት። «አንቺንና ልጅሽን አደራ አለኝ።» ውሸት አልነበረም። እሷም ደስ ብሏት ምሳ አቀረበችለት፤ እየጎረሰ እንባው እንዳይመጣ ሲታገል በርበሬው የበዛበት መስሏት ውኃ ጨመረችለት።

በር ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። «እኛ ዘንድ ዳጉ አለ» አለኝ። «ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ፣ ያየውን የሰማውን ሁሉ ሳይነጋገር አይለያይም። ወሬ ደብቆ ያለፈ ሰው ነውረኛ ነው። እናንተ አገር ግን ደብቁ ስትሉኝ እኔም ደበቅሁ።» ከዚያ ታክሲ ወደሚገኝበት ወረደ፤ ሁለተኛ አላየሁትም።

እናቴን ብቻዋን አግኝቼ ለመንኳት። እሷ የምትፈራበት ምክንያት አላት። በወጣትነቷ፣ ጂራታም እኔም ሳንወለድ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች አንድ ችኩል ሰው የወንድሟን ሞት መንገድ ላይ ነግሯት ልጅ ጨንግፏታል። «ወንድ ነበር አሉኝ፣ አላሳዩኝም» ትላለች እስከ ዛሬ። እኔንም ያለችኝ እንዲህ ነው፦ «የጂራታን ቀብር አላየሁም። አልቅሼም አልወጣልኝም። የቀረኝ በሶረቲ ሆድ ያለው ነው። እሱንም በድንጋጤ ልታፈሽብኝ ነው?»

«እማዬ፣ ታሞ ቢወለድስ?»

«ይወለድ ብቻ! የታመመ ጠበል ይወሰዳል። የወረደ ምን ይደረጋል?»

እናቴ በዚያ ሰሞን የማታውቃቸው ሰዎች ለቅሶ ቤት መሄድ አመጣች። ሰንጋ ተራ ድንኳን ተተክሏል ሲሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትሄዳለች፤ የማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ገብታ ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። አልቅሳ ትመለስና ለምራቷ አጥሚት ታሞቃለች።

እኔ መጀመሪያ በብልሃት ሞከርኩ። ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ሲስተሯ የደም ምርመራ እንዳለ፣ ለልጁም እንደሚጠቅም በደንብ አስረዳቻት። እኔም ከጎን ሆኜ «ምን አለበት፣ ተመርመሪ» አልኩ። ሶረቲ ሳቀች።

«ጂራታ ሲመጣ አብረን እንመረመራለን። ብቻዬን ብመረመር ጠርጥራኛለች አይልም? እሱ ይምጣ፣ እትዬ።»

ሲስተሯ በፈቃድ ነው አለች፤ ሌላ ምን ትበል? እኔ እዚያ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ምላሴን ነከስኩ። ይህች ሴት ልጇን ልታድን የሞተ ሰው ፈቃድ ትጠብቃለች፤ ያልሞተ አስመስለን ያስቀመጥንላት ደግሞ እኛ ነን።

እንግዲያው እሱ ራሱ ይፍቀድላት ብዬ ተነሳሁ። ጋሽ ዋቅሹማ በስሙ ብርድ ልብስ ከላኩ እኔ በስሙ አንዲት ቃል ብልክ ምን አለበት? «ጂራታ ሰፈራችን ሱቅ ስልክ ላይ ደውሎ ነበር፤ ተመርመሪ፣ እኔን አትጠብቂ ብሏል» አልኳት። መጀመሪያ በደስታ ዘለለች። ቀጥላ «ለምን አላስጠራሽኝም?» ብላ ተቆጣች። ቀጥላ ዓይኗ ጠበበ።

«ምን አግኝቶ ነው ተመርመሪ የሚለኝ? ከአፉ ካልሰማሁ አላደርገውም» አለች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ባለ ሱቁ ደጃፍ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ስልኩን ትጠብቅ ጀመር። ባለ ሱቁ አዘነላት፤ ስልክ በጠራ ቁጥር «ያንቺ አይደለም፣ ይቅርታ» ይላታል። ጋሽ ዋቅሹማ ነገሩን ሲሰሙ አንቋሸሹኝ። «ውሸት እንኳ አትችዪበት» አሉኝ። በዚህ ልክ ናቸው፤ ውሸት የእሳቸው ሙያ ነው።

የእኔ ሙያ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በላስቲክ በተጋረደች ጥላ የጽሕፈት መኪናዬን ዘርግቼ ለባለጉዳይ እመታለሁ። ሰኔ በገባ አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ሶረቲ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ መጣች። ልትወልድ የቀራት ትንሽ ነው። ባለጉዳይ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ማመልከቻ ጻፊልኝ።»

«ለማን?»

«ባሌ ለሚሠራበት የጭነት መኪና ማኅበር። ሚስቱ ልትወልድ ስትል ባሏን ወደብ ላይ ማቆየት ምን ዓይነት ሥራ ነው? ይልቀቁልኝ። ልጁን አባቱ ይቀበለው። እሱ ሲመጣ ምርመራውንም እናደርጋለን።»

ወረቀቱን ከነካርቦኑ አስገባሁ። የአመልካች ስም፣ ሶረቲ። አድራሻ፣ ልደታ። ጉዳዩ፣ ባለቤቴ ጂራታ በአስቸኳይ ወደ ቤቱ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ። እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ። የሰው ውሸት ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የተበደረውን አልተበደረም፣ የተማታውን አልነካም ብዬ ጽፌ እንጀራ በልቼአለሁ። ይኼኛው ግን ከጣቴ አልወጣ አለኝ።

መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ሰው ከአልጋው ሳይወርድ፣ ቤቱ ውስጥ፣ ዘመድ ከቦት፣ ግራና ቀኝ እጁን ይዘውት። ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን ጎህ በጋሽ ዋቅሹማ እጅ ነበር። የእኔ ቀትርና መንገድ ነበር።

«ሶረቲ፣ ጂራታ አይመጣም» አልኳት። «ሞቷል። ወር አልፎታል። የገደለው በሽታ አንቺም ደም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ልጅሽን የሚያድን ኪኒን አለ፣ ከመውለድሽ በፊት መመርመር አለብሽ።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት፤ ካቆምኩ አልጨርሰውም ብዬ።

አልጮኸችም። ፊቴን ብቻ አየችው።

«ብርድ ልብሱስ?» አለችኝ።

«ጋሼ ከመርካቶ ገዝተውት ነው።»

ያኔ ነው የጮኸችው። ከበርጩማው ወርዳ አቧራው ላይ ተንከባለለች። ሆዷ መሬት እንዳይመታ እጄን ከሥሯ አስገባሁ፤ እሷ እጄን ነክሳ አስወጣችው። ባለጉዳዩ ሁሉ ከበበን። «ምን ተፈርዶባት ነው?» ይላል አንዱ። «ቤቷን ወስደውባት ነው፤ ይግባኝ ጠይቂ በሏት» ይላል ሌላው። አንድ ጠበቃ የስም ካርድ ልስጣት ብሎ ጎንበስ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰውን ከመጥላት የዳንኩ አይመስለኝም።

በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። ድንኳኑ ውስጥ የሚያናግረኝ ጠፋ። እናቴ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ልጅ ስም ጠርታ አለቀሰች፤ ለዚህ እንኳ አላመሰገነችኝም። ጋሽ ዋቅሹማ ለለቀስተኛው የሞተው በወባ ነው አሉ። ሶረቲም ደረቷን እየመታች «በፀሐይ ነገረችኝ፣ ሰው ሳይዘኝ ነገረችኝ» እያለች ስታለቅስ፣ ሴቶቹ ዞረው ያዩኝ ነበር። ስለ በሽታው ትንፍሽ አላለችም። እኔም አላልኩም።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ሥራ ቀርቼ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆምኩ። ብትመጣ ብዬ ነው፤ ልትመጣ እንደምትችል የነገረኝ የለም። ረፋዱ ላይ ጥቁሯን ለብሳ ብቻዋን መጣች።

«አብሬሽ ልግባ?»

«አትግቢ» አለችኝ። እትዬ አላለችኝም።

ስትወጣ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ በጡጫዋ ይዛዋለች። «ኪኒኗን ሰጥተውኛል» አለችኝና ወደ ቤት ቀደመችኝ። እኔ ግንቡን ተደግፌ አለቀስኩ። ለወንድሜ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምጧ መጣ፤ ጊዜው ገና ነበር። ኪኒኗን ውጣ ሆስፒታል ገባች። ሴት ልጅ ወለደች፤ ትንሽ ናት፣ ጩኸቷ ግን ኮሪደሩን ይሞላል። ጠብታውም ተሰጣት። ስሟን ኮከቤ አሏት። ያለ ጊዜዋ የተወለደችው በእኔ ድንጋጤ ነው ተባለ፤ ቢሆንም ይሆናል። እናቴ የልጅ ልጇን ታቅፋ እኔን ከአራስ ቤቱ በር መለሰችኝ። «አንዴ በቅቶኛል» አለችኝ። በወጣትነቷ መንገድ ላይ ያረዳት ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ሶረቲ ልጇን ጡት አላጠባችም። እንዳታጠባ ሲስተሯ መክራታለች። አራስ ቤት ግን ሴት ሁሉ ገብቶ የሚያየው ጡትን ነው። «ለምን አትሰጫትም? ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት፣ ሶረቲ አንድ መልስ አገኘች።

«ደረቀብኝ» አለች። «የፋዮ መርዶ አደረቀብኝ።»

ሁሉም አመናት። ድንጋጤ ጡት እንደሚያደርቅ የማያምን ሴት ሰፈራችን ውስጥ የለም። እናቴና ጋሽ ዋቅሹማ ሌላውን ምክንያት መገመት ይችሉ ነበር፤ ሁመድ ፊታቸው ቁጭ ብሎ ነግሯቸዋል። ግን አንድ ጥፋተኛ ከተገኘ ሌላ ነገር ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? የጣሳ ወተቱን አብነት ካለው መድኃኒት ቤት የምገዛው እኔ ነበርኩ፤ ባለ ሱቁ የሰጣት አስመስሎ ያቀብልልኛል። ወተቱን የሚያዩት ሴቶች እኔን እየረገሙ ያፈሉላታል። ምቀኛ፣ አፈ መርዝ፣ የወንድሟን ልጅ ጡት ያስነጠቀች። ቡና ሲጠጡ አይጠሩኝም፣ እድር ላይ አጠገቤ አይቀመጡም።

ኮከቤ ዓመት ተመንፈቅ ሲሆናት ሶረቲ አዝላት ወደ አጥሩ ሥር መጣች። አልተቀመጠችም።

«ደሟን መርምረዋታል፤ ነፃ ናት» አለችኝ።

ከወንበሬ ተነሳሁ። እልል ልል ነበር።

«ሰው ፊት እንዲህ አትሁኚ» ብላ ገሠጸችኝ። «እኔም መድኃኒት ጀምሬአለሁ። የምወስደው ሩቅ ሄጄ ነው፤ እዚህ ሰው ያየኛል።»

«ሶረቲ፣ እንግዲያው ለእማዬ ንገሪያት። ለምን እንደነገርኩሽ ይወቁ። ልጅቷ ለምን በሕይወት እንዳለች ይወቁ።»

«ምን ብዬ? በሽታዬን አደባባይ አስጥቼ? ማን ልጄን ከልጁ ጋር ያጫውትልኛል? ማን ብርጭቆዬን ይነካል? ጋሼ የወንድማቸውን ልጅ በወባ ነው የገደሉት፤ እኔን በምን ሊገድሉኝ ነው?» ልጅቷን ጀርባዋ ላይ አስተካከለቻት። «በክፋት ነገረችኝ ብያለሁ። ሰው ሲጠይቅሽ አንቺም እንደዚያው በይ።»

«ጠልቻት ነው ልበል?»

«ሌላ ምን ትያለሽ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ደግሞ እትዬ፣ ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም። ቤቴ ውስጥ ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር። ቀስ ብለሽ። አንድ ሰው ይዞኝ።»

ቀስ የሚባልበት ቀን የትኛው እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን እሺ አልኳት። ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ለሁሉም እንደዚያው ብያለሁ፤ መደጋገም ጥሩ ነው፣ ሲቆይ ምላስን አያደናቅፍም።

አሁን ሰፈራችን ፈርሷል። እናቴና ሶረቲ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፣ እኔ ሌላ ቦታ ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ብቻ እዚያው አጥር ሥር ነው። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት በተለቀቀበት ሰዓት የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ መጥታ ፊቴ ቆመች። ማን እንደሆነች በግንባሯ አወቅሁ፤ የጂራታ ግንባር ነው። ስምንት ዓመት ይሆናታል። ጥርሷ ነጭ፣ እግሯ ጠንካራ፣ ጉንጯ ሙሉ ነው።

«ፋዮ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«የአባቴ እህት ነሽ አሉ።»

«ነኝ።»

«እማዬን ለምን አስደነገጥሻት? ጡት ያልጠባሁት በአንቺ ነው አሉ።»

ቆመሽ እንዲህ የምትወቅሺኝ ለምን ይመስልሻል ልላት፣ አቅፌ ልስማት፣ ግንባሯን ልነካው ፈለግሁ። ከኋላዬ ሁለት ባለጉዳዮች ተቀምጠዋል፤ አንዷ የሶረቲ ጎረቤት ናት።

«ጠልቻት ነው» አልኳት።

ልጅቷ ደህና አድርጋ አየችኝ። «እማዬ ግን ደግ ናት» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ቦርሳዋን አንግታ ወደ መንገዱ ሮጠች። ታክሲዎቹ እየተሽቀዳደሙ ነበር። ተነስቼ ቆሜ እስክትሻገር ተመለከትኳት፤ «ቀስ በይ ልጄ» ብዬ ልጠራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እናቷን የጠላች ሴት ቀስ በይ አትልም።